ለእምቢታ የተመረጠ አባት

ሥራ ፍለጋ ከደሴ ወደ ሃርጌሳ የወጣሁ ዕለት ምሽት፣ ሻንጣዬ ታስሮ፣ ጫማዬ ተጠልቆ፣ ባለቤቴ ዝናሽ የመጨረሻዋን እራት አቅርባልኝ ሳለ፣ በእጄ የያዝኩት ጉርሻ ሳይሆን የጎረቤት ራዲዮ ነበር። ያመጣችው እትዬ ስንዱ ናት። «ጋሼ ዘውዴ፣ ሳይሄዱ ይችን ብቻ» አለችኝ። እሷ ሳትወጣ ከታች ሰፈር አንድ ሰው የኤሌክትሪክ ምድጃውን ታቅፎ ገባ። እሱን ተከትላ ስሟን የማላውቃት ሴት «ሃርጌሳ እህት አለችኝ» ብላ ከሻንጣዬ የሚበልጥ የበርበሬ ማዳበሪያ ደጃፌ ላይ ዘፍ አደረገችው። ለሁሉም እሺ አልኩ። ራዲዮዋም ተናገረች፣ ምድጃውም ጋለ፣ እራቴ ግን በረደ። ዝናሽ አላለቀሰችም። ቤቱ ሰው ሞልቶ ስለነበር ለማልቀስ ጊዜ አልሰጠናትም። ከሚኒባሱ መስኮት አንገቴን አውጥቼ ልሰናበታት ስል እንኳ አንድ ሰው በመካከላችን ገብቶ ስለ ቴሌቪዥኑ ያማክረኝ ነበር።

አገር ቤት ላላችሁም፣ እንደ እኔ አገር ለቃችሁ በሰው አገር ለምትኖሩም ይህን የምጽፈው፣ በስተርጅና የተማርኩት አንድ ሙያ ስላለ ነው። እኔን ያስተማረኝ ሰው የለም። ፊደል የቆጠርኩት አባቴ ቤት ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ጋዜጣ ነው። ጋዜጣው ተገልብጦ ስለተለጠፈ እስከ ዛሬ የተገለበጠ ጽሑፍ ከቀናው እኩል አነባለሁ። እንግሊዝኛን ከፍሪጅ ጀርባ፣ ሱማሊኛን ከፍሪጅ ባለቤቶች ንዴት ተማርኩ። ደሴ ውስጥ በእጄ ያላለፈ ራዲዮ አልነበረም ብል ማጋነን አይሆንም፤ የተጠራጠረ ሄዶ ይጠይቅ። ፈትቼ ያልገጠምኩት ዕቃ የለም። እምቢ የሚሉት ቃል ግን ስድሳ ዓመት ሙሉ ክዳኑን ያልከፈትኩት ዕቃ ሆኖ ኖረ።

ይህ ጉድለቴ መጀመሪያ የታየው ድንበር ላይ ነው። ጅጅጋን አልፈን ቶጎ ውጫሌ ስንደርስ ሦስት ማዳበሪያ በርበሬ፣ አንድ ጆንያ ሽሮና አንድ የማን እንደሆነ የማላውቀው ትራስ ይዤ ነበር። መንገዱን በሚዘጋው ገመድ አጠገብ አንድ የኢሚግሬሽን ሹም ጠራኝ። አማርኛው ከእኔ አማርኛ የማያንስ ነበር።

«አባት፣ ይሄ ሁሉ ማዳበሪያ ምንድን ነው?»

«በርበሬ ነው።»

«ነጋዴ ነህ?»

«የለም፣ የፍሪጅ ባለሙያ ነኝ። በራሴ የተማርኩ።»

«በርበሬው የማን ነው ታዲያ?»

«የሰው።»

«የየትኛው ሰው?»

«ገና ነው። ሃርጌሳ ስደርስ ይመጣሉ።»

«ስማቸውን ታውቃለህ?»

«የአንዷን አውቀዋለሁ። የሁለቱን ጅጅጋ ላይ ረሳሁት።»

«ያንተ ዕቃ የቱ ነው?»

ቦርሳዬን አሳየሁት። ቦርሳዬን አየ፣ ማዳበሪያዎቹን አየ፣ ትራሱን አየ። «አቦ፣ በአማርኛ እምቢ የሚባል ቃል የለም እንዴ?» አለኝ። «እኔ ድሬዳዋ ስማር የነበረ ይመስለኛል።» ከዚያ ማህተሙን መታልኝ። ሦስት ጊዜ እያስነጠሰ ነበር የመታው።

ሃርጌሳ ስገባ መጀመሪያ ያስደነቀኝ መኪናው ነው። መንገዱን እንደ እኛ በቀኝ ይይዙታል፤ መሪው ግን በቀኝ ነው። ሹፌሩ ይኖርበታል ብዬ ያሰብኩት ቦታ ላይ አንዲት እናት ልጇን ታጠባለች። ደሴ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቤት ድረስ ይገባል፤ እዚህ ደግሞ በክረምት የሚገባው ነፋስ ነው፤ አሸዋውን በማንኪያ እየለካ ሻይ ውስጥ የሚጨምር ነፋስ። ምግቡን ከጠየቃችሁኝ፣ ሩዝ ላይ ሙዝ ቆርሰው ይበላሉ። ስቄ ነበር፤ አሁን እኔም ያለ ሙዝ አልበላም። ላሆህ የሚሉት አለ። እንጀራን ይመስላል፤ ግን ልጅነቱን ያልጨረሰ እንጀራ ነው። ጠዋት በስኳርና በሻይ ይበሉታል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ሐዘን ላይ እንደተቀመጠ ሰው ነበር ያፈጠጥኩበት።

የተከራየሁት 31 ሜይ ከሚባለው ሰፈር ነው። የቤቱ ባለቤት ሰሃራ ትባላለች። እዚህ ትልቅ ሴት በስሟ ብቻ አትጠራም፣ ኤዶ ይባላል፤ እንደ አክስት ማለት ነው። ትልቅ ወንድ ደግሞ አደር ይባላል፤ አጎት እንደማለት። ኤዶ ሰሃራ በአገሯ በነበረው ጦርነት ጊዜ በልጅነቷ ተሰዳ ድሬዳዋ ያደገች ናት። አማርኛዋ ቀልጣፋ ነው፤ እርስዎ የሚባል ነገር ግን የለበትም።

«አንድ ክፍል» አለችኝ። «ውሃ በአህያ ጋሪ ይመጣል። ጣሪያ ላይ አትወጣም። እንግዳ ከሦስት ቀን በላይ አያድርም።»

«እንግዳው ቢያዝንስ?»

«አዝኖ ይሄዳል።»

«ግድግዳው ትንሽ ቀለም ቢቀባ?»

«አይቀባም።»

«እሺ፣ ፍየሎቹ ከደጃፌ ላይ ቢነሱልኝ?»

«እነሱ እዚህ ተወለዱ። የመጣኸው አንተ ነህ።»

የጠላችኝ መሰለኝ። እኛ ዘንድ እንዲህ የሚነጋገሩ ሰዎች ወይ ተካሰዋል ወይ ሊካሰሱ ነው። በዚያው ቀን ግን ምሳ ሰዓት ላይ በትልቅ ሰሃን ሩዝና የፍየል ሥጋ ይዛ መጣች። ከዋዜማው ጀምሮ አልበላሁም። እኔ ደግሞ ወሎዬ ነኝ። ምግብ ሲቀርብልን አንዴ አይ እንላለን፣ ሁለቴ አይ እንላለን፣ ሦስተኛው ላይ በሞቴ ሲባል እጃችንን እንታጠባለን። እናም «አይ፣ ጠግቤያለሁ» አልኳት።

«ሃዬ» አለችና፣ እሺ ማለቷ ነው፣ ሰሃኑን ይዛው ሄደች።

በሩ ላይ ቆሜ ሰሃኑ ግቢውን ሲሻገር አየሁት። ጎረቤቷ ስትቀበላት አየሁ። ሲበሉትም አየሁ። ማታ ላይ «ለምን በሞቴ አላልሽኝም?» ብዬ ስጠይቃት ከልቧ ተገረመች። «ጠግቤያለሁ አልክ አይደል? ትዋሻለህ ብዬ ልጠርጥርህ?» አለችኝ። ይህን ነገር ብዙ አሰብኩበት፤ በባዶ ሆድ ስለሆነ ጥሩ ነው ያሰብኩት።

እንዲህ ሆኜ ስምንት ዓመት ኖርኩ። ሙያዬ ሰማይ ነካ። ሃርጌሳ ውስጥ ሌሎች ባለሙያዎች ተስፋ የቆረጡበት፣ አሁን ግን በረዶ የሚሠራ ፍሪጅ ካያችሁ ጀርባውን አዙሩት፤ የእኔን ብሎን አጠባበቅ ታውቁታላችሁ። የእኔ እሺ ግን ከእኔ በላይ ገነነች። ከአገር የመጣ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ለሐኪም የሚያስተረጉም እኔ፣ ከአሠሪ የሚያስታርቅ እኔ፣ ዕቃ የሚያስቀምጥ እኔ። አንዱ ሄዶ ለሌላው «ዘውዴ ዘንድ ሂድ፣ እሱ አፉ እምቢን አያውቃትም» ይለዋል። ይህን እንደ ምርቃት ነበር የምሰማው። እንዲያውም ትንሽ እኮራበት ነበር።

ምንታምርን ያገኘኋት ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር አንድ ቤት ፍሪጅ ልሠራ ገብቼ ነው። የቤቱ ሠራተኛ ናት፤ ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። ከፍሪጁ ጀርባ ተደፍቼ አንድ የዛገ ብሎን ስረግም ሰማችኝ።

«ደሴ ነዎት?» አለችኝ።

«በምን አወቅሽ?»

«ስድብዎ የደሴ ነው።»

እሷ ከወረኢሉ በኩል ናት። አባቷ ሞቷል፤ እናቷና ትንንሽ ወንድሞቿ አገር ቤት ናቸው። እዚህ ዘመድ የሚባል የላትም። የዕረፍት ቀኗ አርብ ከሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ ወደ እኛ ግቢ እየመጣች ከኤዶ ሰሃራ ዘንድ ስፌት መማር ጀመረች። ኤዶ በረንዳዋ ላይ የስፌት መኪና ዘርግታ ድራዕ የሚሉትን ሰፊ የሴቶች ቀሚስ ትሰፋለች። ምንታምር አሳብ ነበራት። የሰው ቤት ሥራ ትታ በራሷ መኪና መስፋት፣ ሲያምራት ተነስታ ሲያምራት መቀመጥ ትፈልጋለች። «እንደ እርስዎ፣ ጌታ የሌለኝ» ትለኝ ነበር። እንደ እኔ መሆን መፈለጓ አልገረመኝም።

አሁን ወደ ጥፋቴ እመጣለሁ።

ሰኔ ላይ፣ አንድ አርብ ጠዋት፣ ሦስት ሽማግሌዎች ደጃፌ ላይ ቆሙ። አገር ቤት ሽማግሌ የሚላከው እሁድ ነው፤ እዚህ እሁድ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ስለሆነ ነገራችን ሁሉ ወደ አርብ ዞሯል። አንደኛው ጌታነህ ነው። ሥራው ግንበኛ ነው፤ አፉ ግን ከእጁ ይበልጣል። ሁለተኛው ሼህ እንድሪስ፣ እንደ እኔው የወሎ ሰው፣ ጢማቸው ነጭ፣ ቀልዳቸው የማያልቅ። ሦስተኛው ቃል የማይወጣው ሰው ነው፤ ለቁጥር ነበር የመጣው።

«ግቡ እንጂ!» አልኳቸው።

«እንገባለን፤ አንቀመጥም» አለ ጌታነህ። «አንተ ልጅ አለችህ። እኛ ልጅ አለን። ልጅህን ለልጃችን ብለን መጥተናል።»

ልጁ የተባለው ፎርማን ደጀኔ ነበር፤ አርባውን ያለፈ ሰው። ሼክ ኑር ሰፈር ለሚኖረው ወገናችን የቀን ሥራ የሚያገናኘው እሱ ነው፤ የእሱን ፊት የማይፈልግ የለም። ልጄ የተባለችው ምንታምር ናት።

«እሷ ስትጠየቅ፣ አባት አለኝ፣ ጋሼ ዘውዴን ጠይቁ አለች» አለ ጌታነህ።

ይህን ስሰማ ደረቴ ተነፋ። አባት! እንዲህ ካለች ወዳዋለች ማለት ነው ብዬ ገመትኩ። ሼህ እንድሪስም ጨመሩበት። «ወላሂ ዘውዴ፣ በዚህ አገር የሁላችንም ዋርካ አንተ ነህ።»

ዋርካው ግን ምድጃው ላይ ሽሮ ጥዶ ነበር። አርብ ጾም ነው፣ ሽሮ አሠራርንም በራሴ ነው የተማርኩት፤ ሽታው ግቢውን ሞልቶታል። አወጣሁ፣ አቀረብኩ። ሦስቱም ቆመው አዩት።

«ቅመሱ እንጂ፣ ይበርዳል።»

«የመጣንበት ሳይሰምር እጃችን አይዘረጋም» አለ ጌታነህ።

ሥርዓቱን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አባት የተባለ ሰው መጀመሪያ ቀን «ልመካከር፣ በሁለት ሳምንት ተመለሱ» ይላል። ሽማግሌም ቤቱን ሳይቀምስ ይሄዳል፤ የቀመሰ ቀን ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ይህን ለስንት ሰው ሳስተምር ኖሬያለሁ! ግን ሽሮው ይተናል። ሼህ እንድሪስ ከሼክ ኑር በእግራቸው ነው የመጡት፤ ግንባራቸው ላብ አውጥቷል። ትልቅ ሰው ከቤቴ ጦሙን ይመለስ? ዝናሽ ብትሰማ ምን ትላለች? እናቴ ከመቃብር ምን ትላለች?

«እንግዲህ ተሳካ ብለን እንቅመስ?» አለ ጌታነህ።

«እሺ፣ ቅመሱ» አልኩ።

ሦስት እጅ በአንድ ጊዜ ተዘረጋ። ቃል የማይወጣው ሰውዬ እንኳ «ቆንጆ ሽሮ ነው» አለ።

ከሰዓት ምንታምር መጣች። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ፣ ፊቷ አመድ መስሎ።

«ጋሼ፣ በመንገድ ያገኘኝ ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ይለኛል። ምን ሆኜ ነው ደስ ያለኝ?»

«ደጀኔ ሽማግሌ ልኮ...»

«ሽሮ አቀረቡ?»

«አቀረብኩ።»

«በሉ?»

«ጠርገው።»

ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ አላለቀሰችም። እየተረጋጋች ነው የተናገረችው፤ ያ ነው የባሰብኝ።

«ደጀኔን ራሴ በአፌ ሦስት ጊዜ እምቢ ብዬዋለሁ። ሳቀብኝ። አባት የሌላት ልጅ እምቢታ እምቢታ አይባልም አለኝ። እኔም አባት አለኝ አልኩት። እሺ እንዲሉልኝ አይደለም ጋሼ፤ እሺ ማለትማ ለእኔም አያቅተኝም። እምቢ እንዲሉልኝ ነው አባት ያደረግሁዎት።»

ብዙ ሰው ሰድቦኛል፤ ጉምሩክ ላይ፣ ፍሪጅ ቤት፣ ሚኒባስ ውስጥ። እንዲህ አንጀቴ ድረስ የገባ ንግግር ግን ሰምቼ አላውቅም። በሚቀጥለው አርብ የሠርጉን ቀን ለመቁረጥ እንደሚመለሱ ነግረውኝ ሄደዋል። ቃሌን ይዘዋል፤ ሽሮዬን በልተዋል። ሰባት ቀን ቀርቶናል።

ኤዶ ሰሃራ ከስፌት መኪናዋ ላይ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። መቀሷን አስቀመጠች።

«አደር፣ ና እዚህ ቁም» አለችኝ። ቆምኩ። «ሻይ ትጠጣለህ?»

«እሺ።»

«እምቢ በል!»

«ግን ጠምቶኛል።»

«እምቢ የሚለመደው ሲጠማ ነው። ሲረካማ ማን ያቅተዋል? እሺ፣ ሌላ። ሸሚዝህን ስጠኝ።»

«የቱን?»

«የለበስከውን።»

ሁለተኛው ቁልፍ ላይ ስደርስ ጮኸች። «ዋርያ! ምን እያደረግህ ነው?»

«ጠየቅሽኝ እኮ!»

ምንታምር እስከዚያ ድረስ ፊቷን አኩርፋ ነበር፤ እዚህ ላይ አልቻለችም፣ ጉልበቷን ይዛ ሳቀች። የሚገርመው በሱማሊኛ ስትጠይቀኝ «ማያ»፣ አይ ማለት ነው፣ ለማለት ምንም አልተቸገርኩም። ማያ፣ ማያ፣ ማያ! ምላሴ ላይ እንደ ቅቤ ይቀልጣል። በአማርኛ ሲሆን ነው አፌ እሺ የሚለው። ምክንያቱንም ራሴው ደረስኩበት። ሱማሊኛ እናቴ የማታውቀው ቋንቋ ነው፤ በእሱ ማንንም እምቢ ብል አትሰማኝም። አማርኛ ላይ ግን እናቴም፣ አማቾቼም፣ የደሴ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ያዳምጠኛል። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ሱማሊኛ አይደለም የሚያወሩት።

ሰኞ ዕለት ሥራ ላይ ሆኜ ነገሩ ተገለጠልኝ። አንድ ሱቅ ውስጥ የማያቋርጥ ፍሪጅ ነበር፤ ሌት ተቀን ይሠራል። ባለሱቁ «ጎበዝ ፍሪጅ ነው፣ አያርፍም» ብሎ ይኮራበት ነበር። ስከፍተው ቴርሞስታቱ ተጣብቋል። ቴርሞስታት ማለት ቅዝቃዜው ሲበቃ በቃ ብሎ ሞተሩን የሚያቆም ትንሽ ዕቃ ነው። በቃ የሚለው ስለሌለ ወተቱ ድንጋይ ሆኗል፣ ቲማቲሙ ፈንድቷል፣ ሞተሩም ሊቃጠል ደርሷል። ቁጭ ብዬ አየሁት። እኔን ነበር የሚመስለው። ጎበዝ ነው፣ አያርፍም፤ ውስጡ ያለውን ሁሉ ግን አበላሽቷል። ይህን ማንም መጽሐፍ አልነገረኝም፤ ከዚያ ሱቅ ወለል ላይ በገዛ ጭንቅላቴ ያገኘሁት ነው።

ረቡዕ ልምምድ ጀመርኩ። አንድ የሰፈራችን ልጅ ቬንትሌተር ይዞ መጣ፤ እኔ ምሳ ላይ ነኝ። «እምቢ፣ አሁን እየበላሁ ነው» አልኩት። «እሺ ጋሼ» ብሎ ሄደ። ሰማይ አልወደቀም። ሁለት ጉርሻ ጎረስኩ። ሦስተኛው አልወርድ አለኝ። ተነስቼ በነጠላ ጫማ እስከ ዋናው አስፋልት ሮጬ ያዝኩት፤ ቬንትሌተሩን ሠራሁለት፣ ክንፉንም አጠብኩለት። ኤዶ ሰሃራ ይህን ስትሰማ ግንባሯን በመዳፏ መታች። ሐሙስ ግን ሁለት ሰዎችን እምቢ አልኩ፣ አንዱንም ተከትዬ አልሮጥኩም። እንዲህ ያለ ትምህርት ሌላ ሰው ዓመት ይፈጅበታል።

አርብ ጠዋት ምድጃዬን አልለኮስኩም። ሻይ እንኳ አልጣድኩም። ምንታምር አሠሪዋን አስፈቅዳ መጥታ ከኤዶ ሰሃራ ዘንድ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። ሽማግሌዎቹ ደጀኔ የላከውን ስኳርና የሻይ ቅጠል ተሸክመው ብቅ አሉ። ጌታነህ አፉን ሳይከፍት፣ እንዴት አደርክ ሳይለኝ፣ አራት ቀን አፌ ውስጥ ያጠራቀምኳት ቃል አመለጠችኝ።

«እምቢ!» አልኩ።

እርስ በርስ ተያዩ።

«ምኑን?» አለ ጌታነህ።

«ሁሉንም።» ከዚያ ትንፋሼን ሰብስቤ በሥርዓት ነገርኳቸው። «ልጅቷ አትፈልግም። እሺ ያልኩት ሳልጠይቃት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታ እጠይቃችኋለሁ። ልጅ ግን አልሰጥም።»

«በልተናል እኮ ዘውዴ! ቤትህ ገብተን በልተናል!»

«የበላችሁት ሽሮ ነው። ልጄን አይደለም።»

ጌታነህ ስኳሩን መሬት አስቀመጠው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለእኔ ያዘነ መስሎ ተናገረ። «አስብበት። ደጀኔ ይቀየምሃል። ሼክ ኑር ያለ ሰው ደጅህን አይረግጥም። አንተ ሽማግሌ ነህ፣ ነገ ብትሞት ሬሳህን ማን ለአገርህ ያበቃዋል?»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ በሰው አገር ያረጀ ሰው ከሞት ይልቅ የሚፈራው ይህን ነው። እሺ ጉሮሮዬ ድረስ መጣች። ቀና ስል ምንታምርን በረንዳው ላይ አየኋት። በእጇ የያዘችው ጨርቅ ተጨማዶ እንደ ጡጫ ሆኗል። እኔን አታይም ነበር፤ አፌን ነበር የምታየው።

«የሞትኩ ዕለት እዚሁ ቅበሩኝ» አልኩ። «በቁሜ ግን እሷን አልቀብርም።»

የመጨረሻውን መሣሪያ ያወጡት ሼህ እንድሪስ ናቸው። ምንም ሳይናገሩ ወደ እግሬ አጎነበሱ። እኛ ዘንድ ነጭ ጢም ያለው ሰው እግር ላይ ሊወድቅ ሲል እምቢ የሚል አልተወለደም። ዘልዬ በብብታቸው ያዝኳቸው። እሳቸው ወደ ታች፣ እኔ ወደ ላይ። ሁለታችንም ስድሳን አልፈናል፤ የማን ጉልበት እንደተንቋቋ ሳይታወቅ ግቢው ሰማው።

«ሼህ፣ አይሆንም!» አልኳቸው። «ቢወድቁም አነሳዎታለሁ እንጂ እሺ አልልም!»

እንደታቀፍን ፊቴን አዩኝ። «ልጅቷ ትናገር እስቲ» አሉ።

ምንታምር ከበረንዳው ወረደች። «አልፈልገውም አባባ። ለራሱም ነግሬዋለሁ። ሦስት ጊዜ።»

«ለራሱ? ሦስት ጊዜ?» ሼህ እንድሪስ ወደ ጌታነህ ዞሩ። «ይህን ነግሮህ ነበር?»

ጌታነህ ጫማውን አየ።

«አስተግፊሩላህ! እምቢ የተባለን ሰው ተሸክመን ነው ሁለት አርብ የተንከራተትነው? ልጅ ካልወደደች በእኛም ሃይማኖት የለም፣ በእናንተም የለም።» ከዚያ በእኔ ብብት ስር እንዳሉ ወደ ምድጃው አዩ። «ዘውዴ፣ ዛሬ ሽሮም የለ?»

«የለም።»

«ሻይስ?»

«እሱም የለም።»

«ማሻ አላህ፣ እምቢ ያለ እንዲህ አድርጎ ነው» አሉና እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ኤዶ ሰሃራ በትልቅ ፔርሙስ ሻይ ይዛ መጣች። ሼህ እንድሪስ ጠጡ፣ ቃል የማይወጣውም ሰውዬ ጠጣ። ጌታነህ ስኳሩን ይዞ ሄደ።

ደጀኔ እስከ ዛሬ አያናግረኝም፤ እውነት ነው። ከሼክ ኑር ሰፈርም እንደ ድሮው አልጠራም፤ በዓል ሲሆን የሚመጣው ሰው ቀንሷል፤ አንዳንድ አርብ ቤቴ ባዶ ሲሆን ይከፋኛል። ሼህ እንድሪስ ግን አልቀሩም። ምንታምርም ከአሠሪዋ ጋር በሰላም ተለያይታ አሁን ከኤዶ ሰሃራ ጎን መኪና ዘርግታለች። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ለነገ ቀሚስ አድርሺልኝ ብትላት፣ ቀና ሳትል «ለነገ አይደርስም» አለቻት። ሴትየዋም ጨርቁን ትታላት ሄደች። እኔ በልጅቷ ዕድሜ ብሆን ሌሊቱን ሙሉ ስሰፋ አድር ነበር።

ባለፈው እሁድ ከሰዓት ለዝናሽ ደወልኩ። ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት፤ የእኔን ንግግር ትንሽ አስረዘምኩት። ሼህ እንድሪስን የያዝኩበት ላይ ስደርስ እንደ ልጅነቷ ሳቀች። ነሐሴ ስለሆነ ዝናቡ ደሴ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል። እዚህ ነፋሱ የቤቴን በር ይመታል።

ሳቋ አለቀ።

«እንግዲያው አሁን እውነቱን መናገር ትችላለህ» አለችኝ።

«የምን እውነት?»

«ለመስቀል ትመጣለህ ስልህ እሺ ትላለህ። ለገና እሺ። ለፋሲካ እሺ። ስምንት ዓመት እሺህን አንጥፌ ስጠብቅህ ኖርኩ። ዘንድሮ ለመስቀል ትመጣለህ?»

እሺ አፌ ላይ ነበረች፤ ለስላሳዋ፣ የለመደችው። ዋጥኳት። ይህች ሴት ሸሚዜን አልጠየቀችኝም፤ የጠየቀችኝ እኔን ነው። ደሴን አሰብኩ፤ ጭጋጉን፣ የእሷን ትከሻ። ፍሪጆቼን አሰብኩ፤ እነዚያን በረንዳው ላይ ጎን ለጎን የሚንኳኩ ሁለት የስፌት መኪናዎች አሰብኩ። እምቢም አልወጣኝም።

«አላውቅም ዝናሽ» አልኳት።

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ዛሬ ገና አንተን አናገርኩህ» አለችኝ። «እንግዲህ ስታውቅ ንገረኝ። እኔም እስከዚያ እጠብቅሃለሁ አልልም፤ አልጠብቅህምም አልልም።»

«እሺ» አልኳት። ይህችኛዋ ከልቤ ነበረች።

ስልኩን ማናችንም አልዘጋነውም። እሷ ዝናቧን አሰማችኝ፣ እኔም በሩን ከፍቼ ነፋሱን አሰማኋት።